ታይተሃል ወይስ አልታየህም? የመደበቅ ሕግ የ200 ዓመት ታሪክ

ድብብቆሽ የተጫወተ ሁሉ ክርክሩን ያውቀዋል። ፈላጊው «አይቼሃለሁ፣ ውጣ!» ይላል። ተደባቂው «አላየኸኝም፣ ገምተህ ነው» ብሎ ይሟገታል። ሰፈር ውስጥ ይህን ሙግት የሚፈታው ትልቁ ልጅ ነው። እሱ ከሌለ ጨዋታው በኩርፊያ ይፈርሳል። ነገሩ የልጆች ይመስላል፤ ነገር ግን ጎልማሶችም ይህንኑ ጥያቄ በሕግ ለመፍታት ሁለት መቶ ዓመት ደክመዋል። ሠንጠረዥ ሠርተዋል፣ ዳይስ ወርውረዋል፣ መጽሐፍ አሳትመው መልሰው አርመዋል። እስካሁን አልተስማሙም።

ክርክሩ ዛሬ ደምቆ የሚሰማው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ዙሪያ ነው። ጨዋታውን በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ይጫወቱታል። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ዳኛ ነው። ዓለሙን የሚተርከው፣ ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ተጫዋቹ «በጨለማው ጥግ ተጠግቼ ዘበኛውን አልፈዋለሁ» ሲል፣ ማለፉን ወይም መያዙን ዳይሱ፣ መጽሐፉና ዳኛው ተጋግዘው ይወስናሉ። ከሦስቱ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የመደበቅ ሕግ ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

▪️ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ጦር

ታሪኩ የሚጀምረው ከፕሩሲያ ጦር ሠራዊት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የመድፈኛ መቶ አለቃ፣ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ለጦሩ ኤታማዦር ሹም ለጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ አቀረበ። ጄኔራሉ ወደደው፤ ለመኮንኖች ሥልጠና እንዲውልም ደገፈው። ጨዋታው «ክሪግስሽፒል» ይባላል፤ ትርጉሙም የጦርነት ጨዋታ ማለት ነው።

ራይስቪትዝ የገጠመው ችግር ቼዝ የማያውቀው ችግር ነበር። በቼዝ ሁለቱም ተፋላሚዎች ሰሌዳውን ሙሉ ያያሉ። በጦር ሜዳ ግን ከኮረብታው ጀርባ ያለው ፈረሰኛ አይታይም። መፍትሔው ሦስተኛ ሰው ሆነ። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛው ይሰጣሉ። የሁለቱንም ጦር ትክክለኛ ቦታ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ካርታው ላይ የሚያስቀምጠውም ተቃራኒው ወገን ሊያየው የሚችለውን ጦር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ተደባቂው «አልታየሁም» ብሎ መማል፣ ፈላጊውም «አየሁ» ብሎ መጮህ አላስፈለጋቸውም። ሁለቱም ዳኛውን አመኑ።

ይሁንና ሕጉ እየበዛ፣ ሠንጠረዡ እየረዘመ ሲሄድ ጨዋታው ከበደ። በ1876 ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለ ሌላ የፕሩሲያ መኮንን ሌላ መንገድ አቀረበ። ሠንጠረዡና ዳይሱ ይቅሩ፤ ልምድ ያለው መኮንን ዳኛ ሆኖ በራሱ ሚዛን ይፍረድ አለ። ይህ «ነፃ» ክሪግስሽፒል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው የተጻፈ ሕግን ያምናል፤ የሚፈራው የዳኛን አድልዎ ነው። ሁለተኛው የዳኛን ልቦና ያምናል፤ የሚፈራው የሕግን ግትርነት ነው።

ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ቻርልስ ቶተን የተባለ አሜሪካዊ መኮንን በ1880 «ስትራቴጎስ» የተሰኘ የጦርነት ጨዋታ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ተጫዋች ይህን መጽሐፍ አግኝቶ ዳኛውን ወደ ራሱ ጨዋታዎች አመጣው። ከዌስሊ ጋር ይጫወት የነበረው ዴቭ አርነሰን ደግሞ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አወጣ። የፕሩሲያው ዳኛ ዘንዶና አስማተኛ ያለበት ዓለም ውስጥ ገባ።

▪️ ተሰውሮ መምታት አይቻልም

በ1974ቱ መጽሐፍ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። የመደበቅ ችሎታ የሚባል ነገር በቁጥር አልተጻፈላቸውም። መደበቅ የፈለገ ሰው የት እንደሚገባ፣ ጫማውን ማውለቁን፣ ፋኖሱን ማጥፋቱን ይናገራል፤ ዳኛው መዝኖ ይፈርዳል። ይህ በመንፈሱ የቬርዲ ጎራ ነበር።

በአስማት መሰወር ግን ቁርጥ ያለ ሕግ ነበረው። የተሰወረ ሰው ጥቃት ከሰነዘረ ስውርነቱ ይቀራል። ይህ ሕግ የተወረሰው ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ካወጡት «ቼይንሜይል» ከተባለው የጦርነት ጨዋታ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የማይታይ ሰው እንደልቡ ይምታ ከተባለ የሚመክተው የለም፤ ጨዋታውም ያበቃል።

ጥያቄው ከጨዋታው እጅግ ይቀድማል። ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው ውስጥ ስለ አንድ እረኛ ይተረካል። እረኛው የሚሰውር ቀለበት አገኘ፤ ከንግሥቲቱ ጋር ተመሳጥሮ ንጉሡን ገደለና ዙፋኑን ያዘ። ጥያቄው ማንም የማያየው ሰው ፍትሐዊ ሆኖ ይኖራል ወይ የሚል ነው። ፈላስፎች ብዙ ጽፈውበታል። የጨዋታው ሕግ ግን በአጭሩ ቋጨው፤ እጅህን ለጥቃት ያነሳህ ጊዜ ትታያለህ።

▪️ ቁጥር ሲመጣ የቀረው

በ1975 «ግሬይሆክ» የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባውን ይዞ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ መደበቅ በቁጥር ተሰፈረ። ጀማሪ ሌባ ጥላ ውስጥ ለመሸሸግ ያለው ዕድል 10 በመቶ ነበር። ልምድ ሲያካብት ቁጥሩ ያድጋል።

የሕግ ወዳጆች ይህን እንደ ድል ሊቆጥሩት ይችላሉ። ዳኛው ዛሬ ስለተናደደ ወይም ሌላው ተጫዋች ጓደኛው ስለሆነ የሚቀየር ነገር የለም፤ 10 በመቶ 10 በመቶ ነው። ግን ያልታሰበ ውጤት ተከተለ። ትናንት ማንም ሰው ከበርሜል ጀርባ ሊደበቅ ይሞክር ነበር። ቁጥሩ ለሌባው ብቻ ሲጻፍ፣ ተዋጊው የመደበቅ መብት የሌለው መሰለ። ሌባውም ቢሆን ዳኛው በልግስና ሊሰጠው ከሚችለው ያነሰ ዕድል ይዞ ቀረ። መብት በጽሑፍ ሲሰፍር ያልተጻፈለት ሰው እንደተከለከለ ይቆጠራል። ሕጉ ማንንም አልከለከለም ነበር፤ የከለከለው አነባበቡ ነው።

ቁጥሩ ቀጠለ። በ1979 የታተመው የዳኛው መመሪያ፣ አንድ ፍጡር የተሰወረን ሰው ለማወቅ ያለውን ዕድል በፍጡሩ ጥንካሬና የማሰብ ችሎታ ልክ በሠንጠረዥ አስቀመጠ። በ1989 የወጣው ሁለተኛ እትም ደግሞ ዳይሱን ዳኛው በስውር እንዲወረውረው አዘዘ። ሌባው ሁልጊዜ የተደበቀ ይመስለዋል፤ መታየቱን የሚያውቀው ሲያዝ ነው። ይህ ለእውነተኛው ሕይወት የቀረበ ሕግ ነው። የተደበቀ ሰው ስለ ራሱ መደበቅ የመጨረሻው አዋቂ እሱ አይደለም።

▪️ መደበቅና መሰወር

በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ነገሩን ወደ ሁለት ሰዎች ግጥሚያ ለወጠው። ተደባቂው 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይወረውራል፤ ፈላጊውም ይወረውራል፤ የበለጠው ያሸንፋል። በ2008ቱ አራተኛ እትም ደግሞ ዘበኛው ዳይስ ሳይወረውር በነባር ንቃቱ ልክ እንዲመዘን ተደረገ። በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ይህን ይዞ ቀጠለ፤ በኋላ በታረመው ኅትመት ግን ለመደበቅ የሚያመች ሁኔታ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ዳኛው መሆኑ በግልጽ ሰፈረ። ከ40 ዓመት ቁጥር በኋላ ወደ ሰው ተመለሱ።

አማርኛ መደበቅንና መሰወርን ይለያል። የተደበቀ ሰው በርሜል ወይም ጨለማ ይጋርደዋል፤ ጋራጁ ከተነሳ ይታያል። የተሰወረ ሰው ግን ፊት ለፊት ቆሞም አይታይም። የ2014ቱ ሕግም ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር። የተሰወረ ሁሉ ተደብቋል ማለት አይደለም፤ ድምፁና ዱካው ያለበትን ያሳብቃል። በ2024 የወጣው አዲሱ መጽሐፍ ግን ሁለቱን አቀራረበ። ከጠላት እይታ ውጭ ሆኖ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ወይም ቢያንስ ሦስት አራተኛ አካሉን በሚጋርድ ነገር ጀርባ ያለ ሰው፣ በዳይስ 15 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ «የተሰወረ» ይባላል።

ዓላማው ክርክርን መቀነስ ነበር፤ አዲስ ክርክር ወለደ። መጽሐፉ ስውርነቱን የሚያፈርሱትን ይዘረዝራል፤ ከሹክሹክታ ከፍ ያለ ድምፅ ማሰማት፣ ጥቃት መሰንዘር፣ በቃል የሚደገም አስማት መጠቀም፣ በጠላት መገኘት። ታዲያ ከበርሜሉ ጀርባ ወጥቶ በብርሃን መሐል የሚራመድ ሰውስ? በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም። አንዱ «አልተጻፈም፣ ስለዚህ አልታይም» ይላል። ሌላው «ፊት ለፊቱ ቆመህ እንዴት አላገኘህም?» ይላል። «መገኘት» ምን ማለት እንደሆነ የሚፈርደው ያው ዳኛ ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ሕግ ከንቱ ነው» ማለት ስሕተት ነው። ያ 10 በመቶ ትንሽ ቢሆንም ደካማው ተጫዋች «በሕግ አምላክ!» የሚልበት መያዣ ነው። ዳኛውን ለሚሰጠው ፍርድ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሕግ የማይችለው ዳኛውን መተካት ነው። ጠረጴዛው ዳኛውን ካላመነ፣ ሺህ ገጽ ሕግ ቢጻፍ እያንዳንዱ ቃል አዲስ ሙግት ይሆናል። ካመነው ደግሞ የ1974ቱ ጥቂት መስመር ይበቃል።

የሰፈሩን ትልቁን ልጅ ዳኛ ያደረገው ዕድሜው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን የገዛ ታናሽ ወንድሙን «ታይተሃል፣ ውጣ» ሲል ሁሉም ሰምቶታል።