ዜና ሰባክያነ ፈውስ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ጠላት ከሀገር ወጥቶ ሥርዓተ መንግሥት እንደ ገና በሚጸናበት ወራት፣ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮናውያን ዐዋጅ ወጣ፤ በዐዋጁም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚበዙበት አውራጃ ለብቻው ተከለለ፣ አዲስ አበባ ግን ለሚስዮን ክፍት ከሆነው ወገን ተቈጠረች። ሳንፍሪድ ማትሶንና ባለቤታቸው አና ሊሳ በ1943 ዓ.ም. ገደማ ከፊንላንድ የመጡት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበር። የያዙት የጴንጠቆስጤ ትምህርት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 የባሮች ልጅ በሆነው በጥቁሩ ሰባኪ በዊልያም ሲሞር ጉባኤ በሎስ አንጀለስ የገነነ፣ ቶማስ ባራት የተባሉትም የኖርዌይ ቄስ ወደ ሰሜን አውሮፓ ያደረሱት ነው።

ባልና ሚስቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ቡራዩንና የገፈርሳን ግድብ አልፎ ባለው በወልመራ ሥራ ጀመሩ፤ በኋላም ወደ መርካቶ ገቡ። ዘሩ በይበልጥ የበቀለው በገበያው መካከል፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ለትምህርት በመጡ ወጣቶች ዘንድ ነው።

በጸሎት ድውይ ይፈወሳል ማለት ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከሱሉልታ ወዲህ በእንጦጦ ተራራ ላይ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን ከጥንት ጀምሮ ነበሩና፣ ቄሱ መስቀሉን ሲያሳርፍ፣ አጋንንት ሲለፈልፉ፣ በሽተኛው በብርድ እየተንቀጠቀጠ «እግዚኦ» ሲል ያላየ የአካባቢው ሰው አይገኝም። አዲስ የሆነው ማዕርገ ክህነት የሌለው፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ፣ ጫማውን አውልቆ ከአንዲት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁን በራስዋ ላይ ጭኖ «በኢየሱስ ስም» ማለቱ ነው። ሽማግሎችን ያስቈጣቸውም፣ እንደሚመስለኝ፣ ከጸሎቱ ይልቅ ይህ ድፍረት ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ክረምት ኬንያዊው ወንጌላዊ ኦማሄ ቻቻ፣ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚስዮን ባለበት በሐዋሳ፣ ለወጣቶች ስለ መንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ሰበከ። ጥቁር አፍሪካዊ ሰባኪ ማየት ለእነዚያ ተማሪዎች ምን ያህል ልብ እንደ ሰጣቸው መገመት አያዳግትም፤ ወንጌል በፈረንጅ እጅ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን በዓይናቸው አይተዋልና። ከዚያ የተመለሱት በልሳን እየጸለዩ፣ በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ በድውያንም ላይ እጅ ይጭኑ ጀመር፤ «ጌታ ፈወሰኝ» የሚል ምስክርነት በየሰፈሩ ተሰማ። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በነዚሁ ወጣቶች ተመሠረተች።

ዜና ጸሓፊ የሰማውን ተአምር ሁሉ ማጽደቅ አይገባውም፣ ሁሉንም መካድ ደግሞ ሥራው አይደለም። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ዕውራን በጣታቸው ማንበብን መማራቸውን ሳስብ ግን፣ ዓይኑ ያልበራለት ሰው የሚያድርበትን ያላሰበ ሰባኬ ፈውስ ግማሹን ሥራ ትቶታል እላለሁ።

የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ለምዝገባ ያቀረበችው ማመልከቻ ተከለከለ፤ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሃይማኖት በሕግ መሠረት ሥርዓቱን እንዲፈጽም ቢፈቅድም፣ ጸጥታ እንዳይደፈርስ የሚለው ቃል ለከልካዮቹ በቂ ሆነላቸው። ጉባኤያቱ ታሸጉ፣ «ጴንጤ» የሚለውም ስም ስድብ ሆነ። ነሐሴ 21 ቀን 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 250 ያህል ምእመናን በጸሎት ላይ ሳሉ ተይዘው ታሰሩ። ከአብዮቱ በኋላም ደርግ ባሰባቸው፤ በየቤቱ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መዘመር ልማድ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በግልጽ መሰብሰብ ጀመሩ።

ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር፣ የአንድ አገልጋይ ፎቶግራፍ ብቻውን የተሳለበት የፈውስ ጉባኤ ማስታወቂያ ተለጥፎ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ግን ፎቶግራፋቸውን የሚለጥፉበት ግድግዳ አልነበራቸውም፤ ጸሎቱም የሁሉ ነበር። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ከታሰሩት መካከል በሕይወት ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ አጽፉ፤ የታመመው ሳይፈወስ የቀረበትንም ቀን አትተዉ።