ዜና ጎዋ ዘብሔረ ህንድ

ጎዋ በህንድ አገር በምዕራቡ ባሕር ጠረፍ፥ ማንዶቪ በሚባለው ወንዝ በስተ ደቡብ ዳር የተቈረቈረች፥ ኋላም የፖርቱጋሎች መዲና የሆነች ከተማ ናት። ዜናዋን ስንጽፍ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናኖራለን፤ ነገሩን ያዩትና የመዘገቡት ሰዎች በዚያ ጽፈውታልና። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ሊያያት የሚሄድ መንገደኛ ግን ፍጹም ባዕድ ወደ ሆነ ስፍራ እንደሚሄድ አያስብ፤ ከ500 ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መልእክተኛ በዚሁ ወንዝ ዳር ከመርከብ ወርዷል።

አስቀድሞ ጎዋ የቢጃፑር ሱልጣን የዐዲል ሻህ ወደብ፥ ከዐረብና ከፋርስ የሚመጡ ፈረሶች የሚራገፉባት የገበያ ስፍራ ነበረች። አፎንሶ ዴ አልቡኬርኬ የተባለው የፖርቱጋል የጦር አበጋዝ በ1510 ዓ.ም. መጀመሪያ ያዛት፤ የሱልጣኑ ሠራዊት መልሶ ቢያስለቅቀው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 25 ቀን፥ በቅድስት ካትሪን በዓል ዕለት፥ ዳግመኛ በጦር ገባባትና የከተማይቱን እስላሞች ሴትና ሕፃን ሳይለይ በሰይፍ አስፈጃቸው። ይህንንም ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ አስታወቀ። የጎዋን ውበት የምናወሳ ሁሉ ይህን ደም ሳናስቀድም ብናልፍ ጽሑፋችን የጎደለ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ በ1512 መጨረሻ፥ ልብነ ድንግል ገና ብላቴና ሳሉ መንግሥቱን ይጠብቁ የነበሩት ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ ደብዳቤና የግማደ መስቀሉን ክፋይ ይዞ ጎዋ ደረሰ። አልቡኬርኬ ስለ መስቀሉ ክብር በታላቅ አቀባበል ተቀበለው፤ ወደ ሊዝቦን በሚወስደው መርከብ ላይ ግን አለቆቹ ሰላይ ነው እያሉ አጕላሉት። የፖርቱጋል ንጉሥ ማኑኤል በ1514 በደስታ ቢቀበሉትም፥ ያ ምስኪን ሽማግሌ ወደ ላኩት ንግሥት ተመልሶ ቃሉን ለማድረስ አልታደለም፤ በ1520 በምጽዋ ከመርከብ ወርዶ በዚያው ዓመት በደብረ ቢዘን አረፈ። በ1541 ደግሞ የጎዋ መርከቦች ወደ ምጽዋ መጥተው የቫስኮ ዳ ጋማን ልጅ ክሪስቶቫኦንን ከ400 ሰው ጋር አወረዱ፤ እርሱ በግራኝ እጅ ተይዞ አንገቱ ሲቈረጥ፥ የተረፉት ወታደሮች ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈው በ1543 ግራኝ በወደቀበት ጦርነት ተዋጉ።

በ1530 መዲናነቱ ከኮቺን ወደ ጎዋ ከተዛወረ ወዲህ፥ ኋላ ከሞዛምቢክ እስከ ማካው የተዘረጋው የፖርቱጋል ግዛት ሁሉ ከዚህች ከተማ ይታዘዝ ጀመር። ቁንዶ በርበሬው፥ ቀረፋው፥ ሐሩና ዕንቁው ከያለበት ተሰብስቦ ይጐርፍባት ስለ ነበር፥ ጎዋን ያየ ሰው ሊዝቦንን ማየት አያሻውም እስከ መባል ደረሰች። በዚያው በታላቁ ጎዳና ላይ ግን ሰው እንደ ሸቀጥ በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ከተሸጡትም መካከል ከባሕር ማዶ የተጋዙ ሐበሾች ነበሩ።

ዛሬ አሮጌው ጎዋ በሚባለው ስፍራ የቀሩት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ቤቱም ገበያውም ጠፍቶ በኮኮናት ዛፍ መካከል ቆመዋል። መንገደኛው ከወንዙ ሲወጣ በመጀመሪያ የፖርቱጋል ንጉሥ እንደራሴዎች በር የሚባለውን ያገኛል። አዲስ የተሾመ እንደራሴ ሁሉ በዚህ በር ይገባ ነበር፤ የቫስኮ ዳ ጋማ ምስልም በላዩ አለ። ከ1562 ጀምሮ የተሠራው የቅድስት ካትሪን ካቴድራል ከሁለቱ ግንቦቹ አንዱ በ1776 ስለ ወደቀ እስከ ዛሬ ባለ አንድ ግንብ ሆኖ ይታያል፤ በቀረውም ውስጥ የወርቅ ደወል የሚሉት ታላቅ ደወል ተሰቅሏል። ከመንገዱ ማዶ በ1605 የተባረከው የቦም ጄሱስ ቤተ ክርስቲያን ልስን በሌለው ቀይ ድንጋይ ግድግዳው ተለይቶ ይታወቃል። በ1542 ጎዋ የገባው፥ በ1552 በቻይና ጠረፍ ደሴት ላይ ያረፈው የፍራንሲስ ዣቪየር ሥጋ በዚህ በብር ሣጥን ተቀምጧል፤ ከሣጥኑ በታች ያለው የእብነ በረድ መቃብር በቶስካናው መስፍን በኮሲሞ ሣልሳዊ የተሰጠ፥ ፎጂኒ የተባለ የፍሎረንስ ጠራቢ የሠራው ነው። በየ10 ዓመቱ ሥጋው ለምእመናን ሲገለጥ የሚሰበሰበው ሕዝብ እንደ ባሕር አሸዋ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ጣራው በ1842 የወደቀው የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም ፍራሽ ነው። ግማሹ የተናደ፥ 46 ሜትር የሚሆን የደወል ግንብ ብቻውን ወደ ሰማይ ይመለከታል። የጆርጂያ ንግሥት ኬቴቫን በ1624 በሺራዝ የፋርሱን ሻህ ትእዛዝ እንቢ ብለው፥ ሃይማኖቴን አልለውጥም በማለት በጋለ ብረት ተሠቃይተው በሰማዕትነት ሲሞቱ፥ የአውግስጢኖስ መነኮሳት ከዐፅማቸው ክፋይ ወስደው በዚህ ገዳም አኖሩ። ከፍርስራሹ ተቈፍሮ የወጣው አጥንት የእርሳቸው መሆኑ በ2013 በምርመራ ተረጋገጠ፤ በ2021 የህንድ መንግሥት ከዐፅሙ ክፋይ ለአገራቸው ሰጠ።

ከተማይቱን ያጠፋት ጦር ሳይሆን ወባና ኮሌራ ነው። ሕዝቡ እየሸሸ፥ እንደራሴውም ወደ ወንዙ አፍ እየወረደ፥ በ1843 ፓንጂም በይፋ መዲና ሆነች፤ በ1961 ዲሴምበር የህንድ ሠራዊት ገብቶ የፖርቱጋልን አገዛዝ ፈጸመ። ፓንጂም ፎንታይናስ በሚባለው ሰፈሯ ቤቶቹ ቢጫ፥ ሰማያዊና ቀይ ተቀብተው በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተኰልኵለዋል፤ በአንዳንድ አሮጌ ቤት መስኮት ላይ በመስታወት ፋንታ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የባሕር ዛጎል ተሰክቶ ይገኛል። ማለዳ ዳቦ ሻጩ በብስክሌት እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ፖርቱጋሎች ከብራዚል ባመጡት የካሹ ዛፍ ፍሬም ፌኒ የሚባል አረቄ ይወጣል። ለጕብኝት የሚመቸው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ወራት ነው፤ በክረምቱ ዝናሙ ያይላልና።

ወደ አሮጌው ጎዋ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ የቅዱስ ጳውሎስን ኮሌጅ ሳያይ አይሂድ። ከኮሌጁ የቀረው በር ብቻ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፉት ደብዳቤ መጻሕፍት የሚያትሙ ጠቢባን ይላኩልኝ ብለው ለምነው ነበር። በ1556 ሴፕቴምበር 6 ቀን ለኢትዮጵያ የተሾመው የካቶሊክ ፓትርያርክ ዮሐንስ ኑኔስ ባሬቶ ወደ ኢትዮጵያ ከሚሄዱ ኢየሱሳውያን ከሚባሉ መነኮሳት ጋር ጎዋ ሲደርስ፥ በመርከቡ የማተሚያ መሣሪያ ነበረ። ነገር ግን ዐፄ ገላውዴዎስ ከእስክንድርያ መንበር እንደማይለዩ አስቀድመው አስታውቀው፥ ሃይማኖታቸውንም በ1555 በጽሑፍ ገልጠው ስለ ነበር፥ ፓትርያርኩ ጎዋ ቀረ፤ በ1562 በዚያው ሞተ። መሣሪያውም በቅዱስ ጳውሎስ ኮሌጅ ተተክሎ በእስያ በአውሮፓ ዘዴ የመጀመሪያው ማተሚያ ሆነ። ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ስለ ጠበቁ አንነቅፋቸውም፤ ማተሚያው ስለ ቀረብን ግን እናዝናለን፤ ምጽዋ ላይ ማተሚያ የቆመው ከዚያ ወደ 300 ዓመት ያህል ቈይቶ ነውና። በ1563 የሐኪሙ የጋርሲያ ዴ ኦርታ የመድኃኒት መጽሐፍ በጎዋ ታተመ፤ በከተማይቱ የነበሩ የካቶሊክ ሃይማኖት መርማሪዎች በ1580 የዚህን ሰው ዐፅም ከመቃብር አውጥተው አቃጠሉ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ኢየሱሳውያን ከኢትዮጵያ ሲባረሩ ወደ ጎዋ ተመለሱ፤ ከእነርሱም አንዱ አንቶኒዮ ፈርናንዴስ በ1642 ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ጋር የሚከራከርበትን መቅሠፍተ ሐሰታት የተሰኘ መጽሐፍ በጎዋ አሳተመ። ልብነ ድንግል የለመኑት ማተሚያ ለኢትዮጵያ የሠራው ሥራ ይህ ነበረ። ዛሬ በዚያ ስፍራ መንገድ ዳር፥ ከቀይ ድንጋይ የተሠራ አንድ ቅስት በሣር መካከል ቆሞ ይታያል፤ በበሩ ቢያልፉ ከኋላው ቤት የለም።