ባለ ንብረትና አዘጋጅ፦ የአንድ የዳሬ ሰላም ጋዜጣ ታሪክ

ጋዜጣ የሕዝብ ዐይንና ጆሮ ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል፤ የዚህ ዐይንና ጆሮ ባለ ንብረት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ቀላል አለመሆኑን የታንዛንያ ታሪክ ያስረዳል።

«ታንጋኒካ ስታንዳርድ» የተባለው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ በዳሬ ሰላም የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም. ነው፤ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እናት ድርጅቱ በናይሮቢ የነበረ ሲሆን፥ የሚናገረውም ይልቁን ለነጭ ሰፋሪዎችና ለቅኝ ግዛት ሹማምንት ነበር። በ1961 አገሪቱ ነፃ ወጥታ ሰንደቅ ዓላማዋ ሲለወጥ የጋዜጣው ባለ ንብረት አልተለወጠም። በ1967 ደግሞ ሎንሮ የተባለው የለንደን ኩባንያ ያዘው። በዚያው ዓመት በአሩሻ አዋጅ ሶሻሊዝምን የመረጠ ሕዝብ ዋናው የእንግሊዝኛ ዕለታዊ ጋዜጣው በባዕድ ነጋዴ እጅ ሲሆን ማየቱ ቢያስቈጣው አያስደንቅም።

ስለዚህ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1970 ጋዜጣውን ለመንግሥት ወረሱት። ቀድሞ አስተማሪ ስለ ነበሩ ሕዝቡ «ምዋሊሙ» ማለት መምህር ይላቸው ነበር፤ በዚያ ቀን የሰጡትም ቃል የመምህር ቃል ነው። ጋዜጣው የሶሻሊዝምን ዓላማ ይደግፋል፤ ነገር ግን የሥራውን አፈጻጸም ለመተቸት ነፃ ይሆናል አሉ። አዘጋጅነቱንም ከአገሯ ለተሰደደችው ደቡብ አፍሪካዊት ለፍሬን ጂንዋላ ሰጡ።

ቃሉ በቅንነት እንደ ተሰጠ መጠራጠር አይገባም። ይሁን እንጂ ከ1965 ጀምሮ በዋናው ምድር አንድ ፓርቲ ብቻ የተፈቀደ ስለ ሆነ፥ መንግሥትን በአደባባይ መጠየቂያው ቦታ ጠባብ ነበር፤ ጋዜጣውም ከዚያ ጠባብ ቦታ አንዱ ነበር። በጁላይ 1971 የሱዳኑ መሪ ጃዕፈር ኒሜሪ ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የኮሚኒስት ፓርቲ መሪዎችን በስቅላት አስቀጡ። ጋዜጣው ይህን በርእሰ አንቀጹ አወገዘ፤ አዘጋጇም ከሥራዋ ተሰናበተች። የተሰጠው ቃል ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የሚያሳዝነው፥ የተነቀፈው የሌላ አገር መሪ እንጂ የታንዛንያ ሹም አለመሆኑ ነው።

በ1972 ጋዜጣው ከገዥው ፓርቲ ከታኑ ልሳን ከ«ናሽናሊስት» ጋር ተዋሕዶ «ዴይሊ ኒውስ» ተባለ፤ አዘጋጁም ከፓርቲው ጋዜጣ የመጡት ቤንጃሚን ምካፓ ሆኑ። ብዙ ፓርቲ በ1992 ከተፈቀደ በኋላ የግል ጋዜጦች በዙ፤ «ዴይሊ ኒውስ» ግን በመንግሥት እጅ ቀረ። ጂንዋላ በ1994 የነፃይቱ ደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነች፤ ምካፓም በ1995 የታንዛንያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።