ከታኮ እስከ ታኮ፦ የጎንደር በረራ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከቦሌ እስከ ጎንደሩ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ በባሕር ዳር በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ርቀቱን ለፍጥነቱ ያካፈለ ሰው 38 ደቂቃ ያገኛል፤ ቲኬቱ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጽፏል። ሒሳቡም ቲኬቱም አልተሳሳቱም፤ የሚለኩት ነገር ይለያያል።

ቲኬቱ የያዘውን ጊዜ ባለሙያዎች ብሎክ ታይም ይሉታል። በአማርኛ «ከታኮ እስከ ታኮ ያለ ጊዜ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። የጭነት መኪና ረዳት ጎማ ሥር የሚወሽቀው ታኮ ለአውሮፕላንም አለው። ታኮው ተነሥቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ መቁጠር ይጀመራል፤ የጎንደሩ ማረፊያ ያለበት አዘዞ ደርሶ ሲቆም ያበቃል። በመካከሉ ቦሌ ላይ ወደ መንደርደሪያው መሄድና ተራ መጠበቅ አለ፤ በዝግታ ሽቅብ መውጣት፣ ቀስ በቀስ መውረድ፣ ከማረፊያው አቅጣጫ ጋር ለመስተካከል መዞር አለ። እነዚህ ደቂቃዎች መንገዱ ሲያጥር አብረው አያጥሩም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለሚሄድ፣ መሬት ላይ የባከነ ሩብ ሰዓት ከቁም ነገር አይገባም። ከጎንደር ላሊበላ ግን የአየር ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል መውረጃው ይደርሳል። እንግዲህ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ርቀት ስለ ጊዜ የሚነግረን ያንሳል፤ ለጎንደር መንገደኛ ቃሉ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«የበረራ ጊዜ» የሚል አለን፣ ሌላ ምን ያደርጋል? የሚል አይጠፋም። ችግሩ ያ ቃል ሁለት ጌታ ማገልገሉ ነው። ተሳፋሪው ሲሰማው አየር ላይ ያለውን ጊዜ ብቻ ያስባል፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ግን አውሮፕላኑ ለመነሣት ከተንቀሳቀሰበት እስከሚቆምበት ያለውን ሁሉ በረራ ይለዋል። አየር መንገዶች ዘገዩ እንዳይባሉ ጊዜውን ያስረዝማሉ የሚለው ክስ ደግሞ መሠረት አለው፤ በየአገሩ በፕሮግራም ላይ መጠባበቂያ ደቂቃ ይጨመራል። ሆኖም ይህ የታቀደውን ጊዜ እንጂ በትክክል የተበረረውን አይነካም፤ ሁለቱን አስተያይቶ የተጨመረውን ማወቅ የሚቻለውም መለኪያው አንድ ሲሆን ነው። ከቤት እስከ ቦሌ፣ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለውን መንገድ ቃሉ አይሸፍንም፤ እንዲሸፍንም አይጠበቅም።

ስለዚህ እንግዳ ለመቀበል አዘዞ የምትወርዱ፣ ቲኬቱ ላይ ያለው የመድረሻ ሰዓት አውሮፕላኑ የሚቆምበት እንጂ ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የሚታይበት አይደለምና የሻንጣውን ጊዜ ጨምሩበት።