ዕቃው የማን ነበር? ስለ ሐረር ሙዚየሞችና ስለ አንድ ዓመታዊ ካርድ

ባለፈው ሐረር በሄድኩ ጊዜ መንገድ የመራኝ ልጅ ቢበዛ 14 ዓመት ቢሆነው ነው። የጀጎልን ጠባብ መንገዶች ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል። አንድ ሙዚየም በር ላይ ስንደርስ ግን ቆመ። «አንተ ግባ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። (ሐረር ነው፤ አንቱታ አትጠብቁ።) ገብተህ ታውቃለህ ወይ ስለው ሳቀብኝ። «ቱሪስት ነው'ኮ የሚገባው!»

ለአገር ሰው ትኬቱ ውድ አይደለም። ነገር ግን በሐረር እያንዳንዱ በር የራሱ ትኬት አለው። ራምቦ ቤት አንድ፣ ሸሪፍ ሙዚየም ሌላ፣ የሐረሪ ባህል ቤት ደግሞ ሌላ። አራት ልጅ ያላት እናት ይህን በምን ሒሳብ ትችለዋለች? እኔን የቆጨኝ ግን ብሩ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ከየት እንደመጣ ሳስብ ነው።

የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር የሚሉት፣ ድሮም ሙዚየም ነበር። ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉት ነደባዎች ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት፣ በእንጨት ገበታና በሳህን ይሞላል። ልጅ የቤተሰቡን ታሪክ የሚማረው ያንን ግድግዳ እያየ፣ ይህ የማን ነው፣ ያንን ማን ሰፋው እያለ ነበር። ትኬት የለ፣ አስጎብኚ የለ፤ አያት አለች።

ከዚያ ዕቃው ከቤት መውጣት ጀመረ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ፣ የሐረር መንግሥትም አበቃ። በ1940 ዓ.ም. የኩሉብ እንቅስቃሴ ሲመታ ብዙ ሐረሪ ታሰረ፣ ንብረቱ ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደደ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬትና ትርፍ ቤት ሲወርስ ደግሞ ስደቱ ባሕር ተሻገረ፣ እስከ ቶሮንቶ። የሚሰደድ ሰው ሁሉን ይዞ አይሄድም። ሣጥን ይከፈታል፣ የእናት ጌጥ ይሸጣል፣ የቆየ ቁርኣን አደራ ይሰጣል።

አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉት ሐረሪ ደርግ ሊወድቅ አካባቢ መሰብሰብ የጀመሩት ያንን የተበተነ ነገር ነው። የእጅ ጽሑፍ፣ ጌጣጌጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ የሐረር አሚሮች ያስቀረጹትን ሳንቲም፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ ሳይቀር ሰበሰቡ። የተቀዳደደውን መጽሐፍ ለማዳን ጥረዛና ጥገና ተማሩ። መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸውን ሙዚየም አደረጉ፤ በኋላ፣ ሚሊኒየሙ አካባቢ፣ ክልሉ የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው። የጎረቤት ሣጥን ውስጥ የነበረው ሁሉ ዛሬ እዚያ አለ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ በር ላይ ቆሟል።

ሙዚየም በነፃ ይከፈት ብል «ጣሪያውን ማን ያድስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አዲስ አበባ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም መግቢያ ሳይጠይቅ በስጦታ ይሠራል፤ ሁሉም ግን ይህን አይችልም። ለዚህ ነው የሆላንዶችን መንገድ የምወደው። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙዚየም ካርድ አላቸው። ሰው በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ከ400 በላይ ሙዚየሞች በሩን ይከፍቱለታል። ሙዚየሙም አይከስርም፤ ባለካርዱ በገባ ቁጥር ከጋራው ካዝና ድርሻውን ያገኛል። ፊንላንድም በ2015 እ.ኤ.አ. ተከተለች።

ሐረር ከዚህ የቀለለ ነገር ነው የሚያስፈልጋት። ጀጎል በጠቅላላው 48 ሄክታር ነው፤ ሙዚየሞቹ በእግር ይደረሳሉ። አንድ ካርድ፣ ለነዋሪና ለተማሪ፣ ከሹዋል ኢድ እስከ ሹዋል ኢድ። (የሒጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ይህን ለገንዘብ ያዦች ትቻለሁ።) ውጭ ያለው ሐረሪ ለበዓል ሲመጣ ለሰፈሩ አሥር ልጆች ካርድ ቢገዛ ካዝናው ይሞላል።

ደግሞስ የእስካሁኑ አካሄድ ምን አተረፈ? የውጭ ጎብኚ ላይ የቆመ ገቢ ኮቪድ ሲመጣ ደረቀ፣ ጦርነት ሲመጣ እንደገና ደረቀ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን ሲመዘግብ 82 መስጊዶችንና 102 የቅዱሳን መቃብሮችን ቆጥሯል። እነዚያን ሲጠብቅ የኖረው ቱሪስት አልነበረም፤ የሰፈር ሰው ነው።

ልጁ ስወጣ እንዳለ ጠበቀኝ። «ምን አየህ?» አለኝ። ስለ አሚሮቹ ሳንቲም ነገርኩት። መንገዱን ትቶ ፊቴን አየኝ።

«ሳንቲም እዚህ ይሠራ ነበር? ሐረር?»