ድንጋይ የተሸከሙት ንጉሥ

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 14፥31-32 ስለ አንድ ንጉሥ ይናገራል። ንጉሡ ወደ ጦርነት ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ሠራዊቱን ያሰላል። እንደማይችል ካወቀ፣ ባላጋራው ገና ሩቅ ሳለ መልእክተኛ ልኮ እርቅ ይለምናል። ይህን ምሳሌ ዛሬ በሀገራችን ታሪክ እንየው።

አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. የነገሡት የዋግና የላስታው ገዢ ዋግሹም ጎበዜ ናቸው። ሲነግሡም አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከእነ ላሊበላ፣ ከዛግዌ ነገሥታት ነው። የትግራዩ ካሣ ምርጫ ግን አልገብርም አሉ። ካሣ እኮ ባዳ አይደሉም፤ የባለቤታቸው የድንቅነሽ ወንድም ናቸው። ጦርነት ሆነ።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ፣ አሰም ላይ ገጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር ወደ 60,000፣ የካሣ ደግሞ ወደ 12,000 እንደነበር ይነገራል። በቁጥር ብቻ ከሆነ የላስታው ንጉሥ ያሸንፋሉ። ካሣ ግን ከእንግሊዝ ጦር ያገኙት መድፍና ጠመንጃ፣ የሠለጠነ ወታደርም ነበራቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ፤ በእስር እንዳሉም አለፉ። ካሣ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ተራው የሸዋው ምኒልክ ሆነ። እርሳቸውም ንጉሠ ነገሥት ነኝ ይሉ ነበር። የዮሐንስ ጦር ሸዋ ሲደርስ ግን አሰሉ፤ ሽማግሌ ላኩ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ፣ እንደ ሀገሩ ወግ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ገቡ። የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ተዉ፤ ለመገበርም ተስማሙ። ዮሐንስስ ምን አደረጉ? ምረው የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። ያ ድንጋይ ምኒልክን አላጠፋቸውም። ከ18 ዓመት በኋላ፣ ተክለ ጊዮርጊስ በወደቁበት በዚያው በአድዋ ምድር ጣሊያንን ድል አደረጉ።

ወገኔ፣ ሁለቱም በአንድ ንጉሥ ፊት ቀረቡ። አንዱ ተማርከው፣ አንዱ በእግራቸው መጥተው። ፊልጵስዩስ 2፥10-11 ጉልበት ሁሉ ለኢየሱስ እንደሚንበረከክ ይነግረናል። እንግዲህ ጥያቄው መንበርከክህ አይደለም፤ እንዴትና መቼ ነው።

አንተም ስትቆጥር የሚበቃህ ይመስልህ ይሆናል። ከአማኝ ቤት ተወልጃለሁ፤ ዘምሬአለሁ፤ አገልግያለሁ ትላለህ። ግን እጅ ያልሰጠህበት አንድ አምባ የለም? ቂም ሊሆን ይችላል፣ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ በስውር የያዝከው ኃጢአት ሊሆን ይችላል። እህቴ፣ አንቺስ?

ደግሞ የእኛ ንጉሥ ከምድር ነገሥታት ይለያል። ምኒልክ ድንጋያቸውን ራሳቸው ተሸከሙ። የእኛን ሸክም ግን ንጉሡ ራሱ በመስቀል ላይ ተሸከመው። ኢሳይያስ 53፥6 የሁላችን በደል በእርሱ ላይ እንደተጫነ ይመሰክራል። ስለዚህ በባዶ እጅህ ና። ሽማግሌ መፈለግ አያስፈልግህም፤ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው አስታራቂ እርሱ ነው።

አሁን ባለህበት ሆነህ እንዲህ በል፦ «ጌታ ሆይ፣ ሳልማረክ በፈቃዴ መጥቻለሁ። የደበቅሁትንም አምባ እነሆ አስረክቤሃለሁ። ማረኝ፣ ንገሥብኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።»

ጌታ ይባርካችሁ።