ከአሠሪ ርቀው ለሚሠሩ ሠራተኞች፦ ወሲባዊ ትንኮሳና የአቤቱታ አቀራረብ

ይህ መረጃ በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ቆላማ ወረዳዎች ከአሠሪ ድርጅታቸው ርቀው የሚሠሩ፣ በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት ወሲባዊ ትንኮሳ የሚደርስባቸውን ሠራተኞች ይመለከታል። ለምሳሌ በገንዳ ውኃ ከቤቷ ሆና የሰሊጥ ርክክብ ሰነድ በቴሌግራም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትልክ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አለቃዋን በአካል የምታገኘው አልፎ አልፎ ይሆናል። ትንኮሳው ግን ሥራው በሚመጣበት በዚያው ስልክ ሊደርሳት ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም፣ በንግግር፣ በምልክት ወይም በማናቸውም ሌላ ሁኔታ ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ማግባባትን ይጨምራል። «በማናቸውም ሌላ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ የጽሑፍና የድምፅ መልእክትን ለማካተት በቂ ነው። አከራካሪ ሊሆን የሚችለው ሌላ ነጥብ ነው፤ አንቀጽ 14 የሚከለክለው «በሥራ ቦታ» የሚፈጸመውን ሲሆን፣ ስለ ርቀት ሥራ በስም የተጠቀሰ ነገር የለም። ሆኖም ይኸው አዋጅ ሠራተኛው በመኖሪያ ቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ለደመወዝ የሚሠራበትን ውል እንደ ሥራ ውል ያውቀዋል። ስለዚህ ቤቱ የሥራ ቦታ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሰኔ 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ከሥራ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን በግልጽ ያካትታል። በወረዳው የሚቀርብ አቤቱታ ግን በአዋጁ ላይ ሊመሠረት ይገባል።

ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ምክንያቱንና ሥራ የምታቆምበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል፤ ብዙ ባለጉዳዮች ይህን ቀነ ገደብ የሚያውቁት ካለፈ በኋላ ነው። በአግባቡ ውሏን ያቋረጠች ሠራተኛ ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ በካሳ መልክ ይከፈላታል። የክፍያው ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል።

ፈጻሚው የሥራ ባልደረባ ከሆነ አስቀድሞ ለአሠሪው ማመልከት ያስፈልጋል። የስንብት ክፍያ መብት የሚመጣው አሠሪው ተነግሮት በወቅቱ ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነውና፣ ማመልከቻው በጽሑፍ ቢሆንና ቅጂው ቢያዝ ይመረጣል።

መልእክቶችን አያጥፉ። የላኪው ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሥተው በሌላ ስልክም ያስቀምጡ። ከትንኮሳው በፊትና በኋላ የተላኩ የሥራ ትእዛዞችም አብረው ቢቀመጡ፣ ግንኙነቱ የሥራ መሆኑን ለማስረዳት ይጠቅማሉ። ላኪው ከጋላባት በሱዳን ስልክ ቁጥር ቢጠቀም እንኳ፣ የሥራ ግንኙነቱ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ በአሠሪው ላይ ያለው መብት አይቀርም።

ዛቻ ወይም ፎቶ አሰራጫለሁ የሚል ማስፈራሪያ ካለ ጉዳዩ ለፖሊስም ይቀርባል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ስለ ተጎጂዋ ወይም ስለ ቤተሰቧ መረጃ ደጋግሞ በመላክ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የሚፈጥርን ሰው እስከ 5 ዓመት፣ ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። እዚህ ላይ «የሥራ ቦታ» የሚለው ክርክር አይነሣም።

በሰሊጥ እርሻ ካምፕ የሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች ውላቸው የቃል ቢሆንም በአዋጅ 1156 ይሸፈናሉ። በሰው ቤት ተቀጥረው የቤት ሥራ የሚሠሩና የመንግሥት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይታዩም፤ የመንግሥት ሠራተኞች አቤቱታቸውን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት ለመሥሪያ ቤታቸው ያቀርባሉ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ለወረዳው ወይም ለከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ማመልከት፣ ወይም በቀጥታ ለወረዳው ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ። ለሥራ ክርክር ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።